ሰምቶ መድረስ፦ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ተቀባዮችን ሥራ በምን እንመዝነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



አንድ ሰው ከሞት አፋፍ ሲመለስ ሐኪሙን እናመሰግናለን፤ ነርሷን እናመሰግናለን፤ አምቡላንሱን ያሽከረከረውንም እናመሰግናለን። ምስጋናው ለሁሉም ይገባል። ስልኩን ያነሣው ሰው ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። ፊቱን ያየ የለም፤ ስሙን የጠየቀ የለም፤ ጠሪው ራሱ ሳምንት ሳይሞላ ድምፁን ይረሳዋል። አበው «ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። በየዕለቱ በእጃችን ያለ፣ ቁጥሩን ስንነካ ሁልጊዜ የሚመልስ ነገር ዋጋው አይታየንም።

እነዚህ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል ብል የሚቃወመኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ ጊዜያችሁን በዚያ ላይ አላጠፋም። የማነሣው ከዚያ የሚከተለውን ጥያቄ ነው፦ በጥሪ ተቀባይነት ሥራ ላይ «የላቀ» የሚባለው ምንድን ነው? ማንስ አይቶ ይመሰክርለታል? የእኔ መልስ አጭር ነው። ይህን ሥራ በውጤቱ ብቻ የምንመዝን ከሆነ ዕድልን እንሸልማለን። ሥራውን ለመመዘን ጥሪውን ራሱን ቁጭ ብለን ማዳመጥ ይኖርብናል። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ሥራው ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎም በውስጡ ምን እንዳለ አስረዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ሽልማቱ እመለሳለሁ።

ሥራው በመሠረቱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በገጠሩ አገራችን ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ገደል ሲገባ፣ ምጥ ሲጠና እሪታ ይሰማል። «ኡኡ! የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!» የሚለውን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እዚያ ሰሚና ደራሽ አንድ ሰው ነው። ከተማና ስልክ ይህን አንድነት ለሁለት ከፈሉት። ዛሬ ጩኸቱን የሚሰማው ሰው ከወንበሩ መነሣት አይችልም፤ የሚደርሰው ደግሞ ጩኸቱን አልሰማም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የጥሪ ተቀባዩ የሥራ ቦታ ነው። ልቡ ሩጥ ይለዋል፤ ሥራው ግን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለዓለም ያስተማረው የለንደን አንድ ቃጠሎ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1935 በዊምፖል ጎዳና በአንድ ሐኪም ቤት እሳት ተነሥቶ 5 ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት ስልክ ደውሎ ነበር፤ ነገር ግን የእርሱ ጥሪ ከሌላው ተራ ጥሪ ጋር ወረፋ ይዞ ቆየ። ጎረቤቱ በቁጣ ለታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጉዳዩም ተመረመረ። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1937 በለንደን 999 የተባለው ቁጥር ሥራ ጀመረ። ያኔ ወደዚህ ቁጥር ሲደወል በስልክ ማዞሪያው ቤት ቀይ መብራት ይበራ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅም ይሰማ ነበር። ኦፕሬተሯም ሌላውን ሁሉ ትታ ያንን ታነሣ ነበር። በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው ከ30 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1968 በአላባማ ግዛት ሄይሊቪል በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳለፈው ውሳኔ 112ን የጋራ ቁጥሩ አድርጎ መረጠ።

በዚህ የመጀመሪያ ዘመን ጥሪ ተቀባዩ መልእክት አስተላላፊ ነበር። አድራሻ ይቀበላል፤ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ወይም ለአምቡላንስ ያስተላልፋል፤ ስልኩን ይዘጋል። የሥራው ጠባይ የተለወጠው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። በሶልት ሌክ ከተማ ዶክተር ጄፍ ክሎሰን ጥሪ ተቀባዮች በቅደም ተከተል የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎችና የሚሰጧቸውን መመሪያዎች በካርድ አዘጋጁ። በዋሽንግተን ግዛት በኪንግ ካውንቲ ደግሞ፣ ሲያትል ባለችበት አውራጃ ማለት ነው፣ ዶክተር ሚኪ አይዘንበርግና ባልደረቦቻቸው ልቡ የቆመን ሰው ደረት እንዴት መጫን እንደሚገባ ለጠሪው በስልክ ማስተማር እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ጥሪ ተቀባዩ በሕክምናው ሰንሰለት ውስጥ የመጀመሪያው ባለሙያ ሆነ። አምቡላንሱ ገና ከግቢው ሳይወጣ ሕክምናው በእርሱ ድምፅ ይጀመራል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የሰው ልብ ድንገት ሲቆም፣ ደረቱን የሚጫንለት ካልተገኘ፣ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የትኛው የአምቡላንስ አገልግሎት ነው በማንኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም መንደር፣ በ5 ደቂቃ የሚደርስ? እንዲህ ያለ አገር ጥቂት ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ በታማሚው አጠገብ ያለው እጅ የልጁ፣ የሚስቱ ወይም የዘበኛው እጅ ነው። ያ እጅ በደረቱ መካከል እንዲያርፍ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንዲጫን የሚያደርገው በስልክ የሚቆጥረው ድምፅ ነው።

ይህን ስል ካርድ የማንበብ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ።

ጥሪ ተቀባዩ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሰውየው ነቅቷል? በደንብ ይተነፍሳል? ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ ደረት መጫን ወዲያው ይጀመራል። ችግሩ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ልብ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ሰው አልፎ አልፎ አየር ይስባል፤ ያንኮራፋል፤ ያቃትታል። ያየው ቤተሰብ «ይተነፍሳል!» ይላል። ወይም ደግሞ «እያጣጣረ ነው» ይላል። ይህ ሁለተኛው ቃል በእኛ ዘንድ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጣር ማለት የመጨረሻው ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ቤተሰብ ወደ ጸሎትና ወደ ልቅሶ ይሄዳል፤ እጁን ያነሣል። ለሠለጠነ ጥሪ ተቀባይ ግን «እያጣጣረ ነው» የሚለው ቃል «አሁኑኑ ጀምር» ማለት ነው። ቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠበት ድምፅ ለባለሙያው የመነሻ ምልክት ይሆናል።

ሌላም አለ። ልብ ሲቆም አንዳንድ ጊዜ ሰውነት ለአጭር ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት መለኮስ ይጀምራል። «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰው ጨጓራውን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚለው ደግሞ ልቡን ታሞ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ የሚለየው ባለሙያ ታማሚውን አያየውም፤ እጁን አይዳስሰውም። ያለው አንድ ጆሮና የሚጮህ ጠሪ ነው።

ጠሪውንም ማከም አለበት። በዘርፉ የታወቀ አንድ ስልት አለ፦ አንዱን ዓረፍተ ነገር፣ ሳይለውጡ፣ ድምፅ ሳይጨምሩ፣ ጠሪው እስኪሰማ ድረስ ደጋግሞ መናገር፤ ምክንያቱንም አብሮ መንገር። «እማማ፣ ይስሙኝ፤ እንዲድን እንድረዳዎት አጠገቡ ይንበርከኩ። እማማ፣ ይስሙኝ፤ እንዲድን እንድረዳዎት አጠገቡ ይንበርከኩ።» ለጎልማሳው «ወንድሜ፣ እዚሁ ነኝ» ይባላል፤ ለሕፃኑ ጠሪ ሌላ ቃል፣ ሌላ ለዛ ይመረጣል። ከመመሪያው ሳይወጡ ለእያንዳንዱ የሚገባውን አክብሮት ማግኘት በካርድ ላይ አልተጻፈም።

አድራሻስ? በአደጋ ጥሪ ውስጥ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «የት ነው?» የሚለው ነው፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ወደ አንድ ቦታ ሰው መላክ ይቻላልና። በአዲስ አበባ ግን ብዙዎቻችን የመንገዳችንን ስምና የቤታችንን ቁጥር በልባችን አንይዝም። «ከታክሲ ተራው ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር» እንላለን። የላቀ ጥሪ ተቀባይ ይህን ወደ ካርታ ይለውጠዋል። ከቆሙበት ምን ይታያል? የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቅርብ ነው? መኪና እስከ በሩ ይገባል? መብራት የያዘ ሰው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ መቆም ይችላል? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ በጨለማ ሰፈር ውስጥ ብዙ ደቂቃ ትቆጥባለች፤ በሪፖርት ላይ ግን አትጻፍም።

እንግዲህ ወደ ሽልማቱ ልመለስ። በዚህ ረገድ ረጅሙን መንገድ የሄደችው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 በካሊፎርኒያ ኮንትራ ኮስታ ካውንቲ የሸሪፍ ቢሮ ባልደረባ የነበሩት ፓትሪሺያ አንደርሰን ለባልደረቦቻቸው አንድ የምስጋና ሳምንት አሰቡ። ሐሳቡ ተስፋፍቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገር ደረጃ ታወጀ፤ ዛሬ በሚያዝያ ወር ሁለተኛ ሳምንት ይከበራል። በዚያ ሳምንት በየማዕከሉ የዓመቱ ጥሪ ተቀባይ ይመረጣል፤ የዳነው ሰውና ያዳነው ድምፅ ይገናኛሉ። መልካም ልማድ ነው።

ሆኖም የተሸለሙትን ጥሪዎች ስትመለከቱ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። በስልክ የተዋለደ ሕፃን፣ ታንቆ የተረፈ ልጅ፣ ልቡ ቆሞ የተመለሰ አባት፤ መጨረሻቸው የሚያምር ጥሪዎች ናቸው። በዚያው ሌሊት፣ በአጠገቡ ወንበር የተቀመጠችው ባለሙያ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅልጥፍና ጠይቃ፣ ያንኑ ቁጥር ቆጥራ፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ከአንዲት እናት ጋር ቆይታ፣ ልጁ ሳይተርፍ ይቀራል። ሥራዋ ከጎረቤቷ ሥራ አንዳች አይጎድልም። ልዩነቱ ልቡ ከቆመ ስንት ደቂቃ ሆኖት ነበር፣ አምቡላንሱ ምን ያህል ቅርብ ነበር የሚለው ነው፤ ሁለቱም በእጇ አይደሉም። እርሷን ሽልማት አይነካትም። ይባስ ብሎም የጥሪውን ፍጻሜ የሚነግራት አይኖርም፤ ስልኩ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ይጮኻል።

ይህ ሸክም ቀላል አይደለም። ሄዘር ፒርስና ሚሼል ሊሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት በአሜሪካ ጥሪ ተቀባዮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሰው በአደጋው ቦታ በአካል ሳይገኝ በጆሮው በሰማው ብቻ በአእምሮው ሊቆስል እንደሚችል አሳይቷል። ከጥሪዎች ሁሉ ከባዱ የትኛው እንደነበር ሲጠየቁ በብዛት የጠቀሱት በሕፃን ላይ የደረሰ ድንገተኛ ጉዳትና ሞት ነው።

በዚያው አገር ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። በፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. የ2018 የሥራ መደብ ምደባ መሠረት ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጥበቃ አገልግሎት ሥር ሲመደቡ፣ ጥሪ ተቀባዩ የተመደበው በቢሮና አስተዳደር ድጋፍ ሥር ነው። ይህን ለማስለወጥ በምክር ቤት ከሚሟገቱት አንዷ የካሊፎርኒያ ተወካይ ኖርማ ቶሬስ ናቸው። እኚህ ሴት ከ17 ዓመታት በላይ በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ጥሪ ተቀባይ ነበሩ። ስፓኒሽ የሚናገር ሰው እስኪገኝ ጥሪው በመዘግየቱ የአንዲት ታዳጊን መገደል በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ወደ አደባባይ ያወጣቸውም ይኸው ነው፤ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ጥሪ ተቀባዮች እንዲቀጠሩ ተሟገቱ። በአንድ ሳምንት አበባ እየሰጡ በቀሩት 51 ሳምንታት ሥራውን ከጽሕፈት ሥራ ጋር መደመር ምስጋናን ባዶ እንደሚያደርገው ከእርሳቸው ክርክር እንረዳለን።

የቋንቋው ነገር ለእኛ ወገኖችም ቅርብ ነው። በኪንግ ካውንቲ የተደረገ ጥናት ጠሪው እንግሊዝኛ በሚቸገርበት ጊዜ የልብ መቆምን ለይቶ ማወቅ እንደሚዘገይ አሳይቷል፤ በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። በዚያ የምትኖር ወላጅ እናት ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር አስተምሩልኝ፦ ቋንቋው ቢከብዳቸው ስልኩን ሳይዘጉ፣ ከሁሉ አስቀድመው በእንግሊዝኛው አጠራር «አምሃሪክ» ይበሉ። አስተርጓሚ በመስመሩ ላይ ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 በጦርነት ዋዜማ የተመሠረተ ነው፤ የአምቡላንስ ጥሪው ቁጥር 907 ነው። ለፖሊስ 991፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 እንደውላለን። ቁጥሩ ብዙ በመሆኑ ሕዝቡ የተሳሳተውን መደወሉ አይቀርም፤ ያኔ የትኛው መሥሪያ ቤት ሊደርስለት እንደሚገባ የሚያውቀው ስልኩን ያነሣው ሰው ነው። የሐሰት ጥሪው፣ ስድቡ፣ የሕፃናት ጨዋታው ከዚህ ይጨመራል። አሥር ጊዜ ተቀልዶበት በአሥራ አንደኛው ጥሪ ላይ እንደ መጀመሪያው ማዳመጥ የሚችል ሰው ብርቅ ነው።

የሕዝብ ጤና ተማሪዎች የሴሪን ታዴየስንና የዴቦራ ሜይንን «ሦስት መዘግየቶች» ታውቃላችሁ። እናቶች የሚሞቱት እርዳታ ለመፈለግ በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስና ደርሶ ሕክምና በማግኘት ላይ በሚፈጠር መዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት በዚህ ትንታኔ ላይ ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው መንገድንና መኪናን ነው። እኔ ግን ሁለተኛው መዘግየት የሚጀምረው ስልኩ በተነሣበት ቅጽበት ነው እላለሁ። «ደም እየፈሰሳት ነው» የሚለውን ከ«ምጥ ጀመራት» ለይቶ አንዱን አምቡላንስ ወደየትኛዋ እናት እንደሚልክ የሚወስን ሰው የሕክምና ውሳኔ እየሰጠ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ የሆስፒታሉን በር አጠናክሯል። ከበሩ በፊት ያለው ድምፅ ግን ገና በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደ ሙያ አልተጠናም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሽልማቱ ቅጂውን በማዳመጥ ይሁን። ማዕከሎች ጥሪን የሚቀዱ ከሆነ፣ የጠሪው ምስጢር ተጠብቆ፣ ሐኪም፣ የአምቡላንስ ባለሙያና አንጋፋ ጥሪ ተቀባይ ያሉበት ጉባኤ ስምና ፍጻሜ ሳይነገረው ጥሪዎችን ይስማ። ቦታው በፍጥነት ታወቀ? ወሳኙ ምልክት ተለየ? መመሪያው በትክክል ተሰጠ? ጠሪው ተከብሮ ተያዘ? በእነዚህ ከተመዘነ በኋላ ብቻ ፍጻሜው ይነገር። በየዓመቱ ከሚሸለሙት መካከል ታማሚው ያልዳነበት ጥሪ ቢገኝ ጉባኤው ሥራውን በትክክል ሠርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፍጻሜው ለጥሪ ተቀባዩ ይመለስለት። ሆስፒታሉ ለማዕከሉ በሳምንት አንዴ የሚልካት አጭር ወረቀት ትበቃለች፦ ደረሰ፤ ዳነ፤ ወይም አልተረፈም። ይህ ሥልጠናም ነው፤ ክብርም ነው። ያጣጥራል የተባለውን ሰው በትክክል ለይቶ እንደነበር ሳይነገረው ሰው በምን ይማራል?

ሦስተኛ፣ ከከባድ ጥሪ በኋላ ከወንበሩ የመነሣት መብት ይኑር። የሚተካ ሰው፣ ሻይ የሚጠጣበት ክፍል፣ የሚያነጋግረው ባልደረባ። ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ጭሱን ከልብሱ የሚያራግፍበት ጊዜ እንደምንሰጠው ማለት ነው።

አራተኛ፣ እድገት ይኑር። በጥሪ ተቀባይነት የላቀ ሰው ደመወዙ እንዲያድግ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ካለበት፣ የተሻለውን ጆሮ ከስልኩ እያራቅነው ነው። አሠልጣኝ፣ ተቆጣጣሪና መርማሪ የሚሆንበት መሰላል በዚያው ሙያ ውስጥ ይዘርጋ። ፋኩልቲያችንም ከጤና፣ ከቋንቋና ከሥነ ልቡና ክፍሎች ጋር ሆኖ የሥልጠናውን ትምህርት ማዘጋጀት ይችላል። ሕዝባችን ሕመሙን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ የሚገልጽባቸውን ቃላት ሰብስቦ፣ የትኛው ቃል የትኛውን አደጋ እንደሚያመለክት ማጥናት ለተማሪዎቻችን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። ከውጭ የተተረጎመ ካርድ ብቻውን «እያጣጣረ ነው» የሚለውን አይሰማልንም።

ለእያንዳንዳችንም አንድ ድርሻ አለ። የቤታችሁን ምልክት ዛሬ ማታ በቃል ለቤተሰባችሁ አስጠኑ። ስትደውሉ ከታሪኩ በፊት ቦታውን ተናገሩ። ተቀባዩ ብዙ ሲጠይቃችሁ አትቆጡ፤ በአብዛኛው እየጠየቃችሁ ሳለ ባልደረባው አምቡላንሱን አስነሥቷል። እስኪላችሁ ድረስም ስልኩን አትዝጉ።

እናንተ ከተረኛነት ወጥታችሁ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ዛሬ የምስክር ወረቀት አላመጣሁላችሁም። ይህ መድረክ ሊሰጣችሁ የሚችለው ሥራችሁን እንደ ሙያ የሚያዳምጥ ጉባኤ ነው። ጥያቄና ማረሚያ ካላችሁ፣ ከሌላው ታዳሚ በፊት የመጀመሪያው ዕድል የእናንተ ነው።